ካኖን ሴልፊ ሲፒ1500፦ የእናትና የአባቴን ፎቶ እዚያው ሳሎናቸው ውስጥ ያተምኩበት ማሽን

ይህን ማሽን የምመክረው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው፤ የእናት የአባቱ ዕድሜ ለገፋ፣ ስልኩ በእነሱ ፎቶ ለተሞላ፣ እነሱ ቤት ግን ከልጆቹ ምርቃት ወዲህ አዲስ ፎቶ ተሰቅሎ ለማያውቅ ሰው። የሠርግ አልበም ለማሠራት ወይም ብዙ ፎቶ በርካሽ ለማሳጠብ ከሆነ ፎቶ ቤት መሄድ ይሻላል። ወላጆችን አንስቶ፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ ፎቷቸውን እጃቸው ላይ ለማስቀመጥ ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ ዕቃ እስካሁን አላየሁም።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ መንከባከብ ነው። ሐሳቡም የመጣልኝ ከዚያው ነው። እኔ የምረዳቸው አሜሪካውያን አብዛኞቹ አልጋቸው አጠገብ የታተመ ፎቶ አላቸው። ማስታወስ የከበዳቸው እንኳ ጠዋት ሲነቁ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው፤ ማታ ማታ የሚረበሹ አንዲት ሴት የባላቸውን ፎቶ ስሰጣቸው ደረታቸው ላይ ይዘውት ይረጋጋሉ። የእኔ እናት አልጋ አጠገብ ያለው የእመቤታችን ሥዕል፣ የደም ግፊት መድኃኒቷና የእጅ ባትሪ ነው። ደብረ ብርሃን ያለው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀልነው እኛ ልጆች ነን፤ ጥቁር ጋዋን ለብሰን፣ ቆብ ደፍተን። ቤቱን የሠሩት ሰዎች ግድግዳው ላይ የሉም። ካሉም የተጋቡ ሰሞን በተነሱት አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ብፌው ውስጥ ከሲኒዎቹ ጀርባ ነው ያለው።

እማዬ ከዚህ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ካሜራ ፊት በሥርዓት የተቀመጠችው ለፋይዳ መታወቂያ ነው፤ ያኔም አሻራዋንና የዓይኗን ብሌን ሲወስዱ በዚያው። ያንን ፎቶ የትኛዋም እናት ወዳ ግድግዳ ላይ አትሰቅለውም።

ስለዚህ ለገና ስሄድ ማሽኑን ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ክብደቱ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ርዝመቱ 18፣ ስፋቱ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ካኖን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ቀለም በጠብታ የሚረጭ ማተሚያ አይደለም። ካርትሬጁ (ማሽኑ ውስጥ የሚገባው የቀለም መያዣ) ውስጥ የተጠቀለለ ስስ ሪባን አለ፤ ሪባኑ ላይ ቢጫ፣ ደማቅ ሮዝና ሰማያዊ ቀለም በተራ ተቀብተዋል። ማሽኑ እያንዳንዱን ቀለም በሙቀት ወደ ወረቀቱ ያሳልፈዋል። ወረቀቱ ለእያንዳንዱ ቀለም አንዴ ይመላለሳል፤ በአራተኛው ዙር ምንም ቀለም የሌለው መከላከያ ሽፋን ይለብሳል። ጠቅላላው 41 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ሲወጣ ደርቆ ነው የሚወጣው፤ ወዲያው ቢነኩት አይበላሽም፣ ውሃ ጠብ ቢልበትም ይጠረጋል። ቡና ሲፈላ ረከቦት አጠገብ ተቀምጦ ከእጅ እጅ ለሚዞር ፎቶ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ወረቀቱ የመመላለሱ ነገር ለአዛውንት ሰው ምን እንደሚሆን ግን የትኛውም የዕቃው መግለጫ ላይ አልተጻፈም። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ማሽኑ ፊት ቁጭ አለች። ወረቀቱ መጀመሪያ ቢጫ ብቻ ሆኖ ወጣ። «ይቺ ደግሞ ማናት? ወፍ በሽታ የያዛት!» አለች። ተመልሶ ገባና ቀላ ብሎ ወጣ። «አሁን እህቴን መሰልኩ» አለች። ሰማያዊው ሲገባ ጥላው፣ ጠጉሯ፣ የነጠላዋ ጥለት፣ አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። በመጨረሻ ሽፋኑን ለብሶ ሲወጣ ፎቶውን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ሄደች። አራቀችው፣ አቀረበችው፣ እንደገና አራቀችው። ከዚያ ያለችው ይህን ነው፦ «ነጠላዬ ተጣሟል። ይሄ ለሰው አይታይም። ቆይ።» ጓዳ ገባች። ስትወጣ ጥልፍ ያለውን የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን በቅቤ አብሳ፣ የአንገት መስቀሏን ወደ ውጭ አውጥታ ነበር። «አሁን አንሺኝ» ብላ ተቀመጠች።

ለዚህ ማሽን የምሰጠው ምስጋና በሙሉ እዚህች ላይ ነው። ለዓመታት እናቴን በስልክ አንስቻታለሁ፤ አንድም ቀን «እንዲህ አድርጊኝ» ብላኝ አታውቅም። ለምን ትበለኝ? ያነሳሁትን አይታው አታውቅም። ስልኩን ስትቀበለኝ አውራ ጣቷ መስታወቱን ይነካዋል፣ ፎቶው ይሸሻል፣ የማታውቀው ሌላ ሥዕል ይመጣል፣ ከዚያ መብራቱ ይጠፋል። «ቆንጆ ነው» ብላ ትመልስልኛለች። ዓይኗ አንድ ጊዜ የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ናት፤ ደጅ ላይ የሚያብረቀርቅ መስታወት ውስጥ ምን ታይ? ወረቀት ግን አይሸሽም፣ አይጠፋም። ዓይኗ በሚመቸው ርቀት ትይዘዋለች። አይታ ትፈርዳለች። ስትፈርድም ፎቶው የእኔ መሆኑ ቀርቶ የእሷ ይሆናል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ማን እንደምትመስል የወሰነችው ራሷ ናት፤ እኔ ቁልፍ ተጫኝ ብቻ ነበርኩ።

አቀማመጧንም አልነካሁባትም። ቀጥ ብላ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሳትስቅ። ልጆች «ሳቂ» ይሏታል። የእሷ ዘመን ሰው ፎቶ ፊት አይስቅም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት ያገለገሉት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው ያነሷቸውን መኳንንትና ወይዛዝርት ብታዩ አቀማመጡ ይኸው ነው፤ ወንበር፣ ቀጥ ያለ ጀርባ፣ ጉልበት ላይ ያረፈ እጅ። እናቴ በልጅነቷ ፎቶ ማለት ይህ እንደሆነ አይታ አድጋለች፤ ለእሷ ክብር ማለት ያ ነው። የሳቀ ፎቶ ከፈለጋችሁ ሳታስገድዷት፣ ጎረቤት ሲመጣ ጠብቃችሁ አንሱ።

ማሽኑ የሚያትመው የሰጣችሁትን ነው፤ ስለዚህ አነሳሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለዚህ ካሜራ መግዛት አያስፈልግም፤ የዛሬ ስልክ በዚህ መጠን ለሚታተም ፎቶ ከበቂ በላይ ነው። የሚያስፈልገው ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በጥር ሰማዩ አንድ ደመና የለውም፣ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ፊት ላይ በቀጥታ ሲያርፍ የዓይን ጉድጓድን ያጨልማል፣ አዛውንቱንም ያጨፈግጋል። የእኛ ቤቶች ግን ከየትኛውም ስቱዲዮ የማይተናነስ ብርሃን አላቸው፤ የሳሎኑ በር። ወንበሩን ከደጃፉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ፀሐዩ ራሱ እንዳይነካቸው፣ የግቢው ብርሃን ግን ፊታቸውን እንዲያገኘው። ፊታቸውን ከበሩ ትንሽ ዘወር አድርጉት። ከኋላቸው ያለው ክፍል በራሱ ይጨልማል፤ መጋረጃ አያስፈልግም። ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት፣ ውርጩ ከለቀቀ በኋላ፣ ለእኛ ቤት ጥሩው ሰዓት እሱ ነበር።

ነጭ ነጠላና ጋቢ ሁለት ፀባይ አላቸው። ብርሃኑን ከታች ወደ አገጭና ወደ ዓይን ይመልሳሉ፤ ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ነጭ ሸራ አለ፣ የእኛ እናቶች ለብሰውት ነው የሚውሉት። በሌላ በኩል ግን ነጩ ብዙ ቦታ ሲይዝ ስልኩ «በጣም በርቷል» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ የሚጎዳው የጠይም ሰው ፊት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መስታወቱ ላይ ፊታቸውን ንኩ፣ የፀሐይ ምልክቷ ስትመጣ ትንሽ ወደ ላይ ግፉ። ነጠላው ጥቂት ቢፈዝ ምንም አይደለም፤ ፊት ይቀድማል። ደግሞ ተጠግታችሁ አታንሱ፤ የስልክ ሰፊ ሌንስ በቅርበት አፍንጫን ያተልቃል። ሁለት ሜትር ያህል ራቁና ሁለት እጥፍ የሚያቀርበውን ሌንስ ተጠቀሙ። ቆማችሁ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ዝቅ ብላችሁ በዓይናቸው ልክ። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ አገጫቸውን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉ ነጸብራቁ ይጠፋል። ከሥራዬ የማውቀው አንድ ነገር ልጨምር፤ አዛውንት ሰው መድከሙን አይናገርም፣ ትከሻው ነው የሚናገረው። ትከሻቸው መውረድ ሲጀምር አቁሙ፣ ቡናው ይምጣ።

ከሁሉ በፊት ግን ስልካችሁ ውስጥ ያለውን ቆዳ ማለስለሻ አጥፉት። ብዙ ስልኮች ላይ ሳትጠይቁት በርቶ ነው የሚመጣው። በወንድሜ ስልክ የተነሳችው እናቴ ግንባሯ ላይ አንድ መስመር የላትም፤ አንገቷ ላይ የነበረው ንቅሳት ሳይቀር ደብዝዟል። ልጅ ሆና ስትነቀስ ያለቀሰችበት ንቅሳት ነው፤ ማን ፈቅዶለት ነው አንድ ስልክ የሚያጠፋው? ማተሚያው ውስጥም ቆዳ የሚያለሰልስ ምርጫ አለ፤ እንዳይበራ ተጠንቀቁ። በአንጻሩ ብሩህነቱን ከፍ የሚያደርገውን ተጠቀሙበት። የስልክ መስታወት ከውስጡ ብርሃን ስለሚያወጣ ያው ፎቶ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ጠቆር ብሎ ይታያል። እኔ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጌ ነው ያተምኩት፤ አባባ ከእማዬ ጠቆር ስለሚል ለእሱ ሁለት።

አባባ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። አዛውንቶቻችን ካሜራ ሲመጣ የሚያስቡትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ለለቅሶዬ ነው?» አለኝ በቀጥታ። እኔም በቀጥታ መለስኩለት፤ «ለለቅሶ እንዳይሆን ነው አባባ።» ምን ለማለት እንደፈለግኩ ገብቶታል። ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ ሲሞት ፎቶ አምጡ ተባለ፤ ቤቱ ቢፈተሽ ፎቶ የለም። የተገኘው የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለው ጉርድ ብቻ ነው። ሌሊቱን ፎቶ ቤት አስከፍተው አሳደጉት። ያቺ አውራ ጣት የምታህል ፎቶ ተጎትታ ተጎትታ ፊቱ የተበተነ፣ ዓይኑ ግማሽ የተከደነ፣ ትከሻውና ኮሌታው ላይ ሰማያዊው ማኅተም ግማሽ ክቡን የጣለበት። ያንን ፎቶ ከፍ አድርገው ይዘው ነው ያለቀሱለት፤ ያው ፎቶ ነው በዐርባው የተያዘው፣ በሙት ዓመቱም የታተመው። አጎቴ በሕይወቱ ሳቂታ፣ ኮፍያውን ዘመም አድርጎ የሚሄድ ሰው ነበር። እሱን ያላወቁት የልጅ ልጆቹ የሚያውቁት ያንን የመታወቂያ ሰውዬ ነው።

አባባ ይህን ሲያስታውስ ተነስቶ ኮቱን አመጣ። ከዚያም አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ ብቻውን ከሚነሳ ከጓደኛው ጋር ይነሳ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ የሠራው በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው፤ ከእሱ ጋር በአንድ ፈረቃ ከገቡት መካከል ሠፈራችን ውስጥ የቀሩት አንድ ሰው ናቸው። ተጠርተው መጡ። ሁለቱን በሩ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። መጀመሪያ እንደ ወታደር ተገትረው ነበር፤ የመጀመሪያው ፎቶ ታትሞ እጃቸው ሲገባ ግን ወሬው ተነሳ፤ የማን ጆሮ እንደተለቀ፣ የማን ፀጉር እንዳለቀ፣ ያን ጊዜ የማሽኑ ጩኸት እንዴት ጆሯቸውን እንደደፈነው። ሁለተኛውን ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው፤ አባባ እጁን በጓደኛው ትከሻ ላይ ጥሎ። ለሁለቱም ለየብቻ አተምኩላቸው። ወረቀቱ፣ ቢያንስ እኔ በገዛሁት ጥቅል፣ ጀርባው ላይ የፖስታ ካርድ መስመር ስላለው በእስክሪብቶ ይጻፍበታል። አባባ በዚያ በሚያምር የድሮ የእጅ ጽሑፉ የሁለቱንም ስም ከነአባት፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፈበት። ይህን ሳታደርጉ ፎቶ አትስጡ። ቤታችን ውስጥ ስማቸውን የሚያውቅ ያጡ ሰዎች ያሉበት አልበም አለ።

አሮጌ ፎቶ ለማባዛትም ማሽኑ ጠቅሞኛል። ከሲኒው ጀርባ የነበረውን የጋብቻቸውን ፎቶ አውጥቼ፣ በመስኮት ብርሃን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ፣ ያለ ፍላሽ በስልክ ከላይ ቀጥ አድርጌ አንስቼ አተምኩት። ጥቁርና ነጩ ፎቶ እስካሁን ጥርት ያለ ነው፤ የብር ማዕድን ያለበት የድሮ ወረቀት በደንብ ከተቀመጠ ረጅም ዕድሜ አለው። እኛ ሕፃናት ሳለን የተነሳናቸው ባለ ቀለሞቹ ናቸው ወደ ቀይ የተለወጡት፤ ሰማያዊው ቀለማቸው ቀድሞ ስለሚጠፋ ነው። እነሱን ቶሎ አንስታችሁ አስቀምጧቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፎቶው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቆ ከሆነ አትላጡት፣ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ፣ ትንሽ ከጎን አድርጋችሁ ነጸብራቁን ሸሽታችሁ አንሱት።

አሁን ወደ ማይመቹት ነገሮች።

መጠኑ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር። ያነሰ ማተም ይቻላል፣ የበለጠ ግን አይሆንም። ለአልጋ አጠገብ፣ ለጸሎት መጽሐፍ ውስጥ፣ ለቦርሳ ልክ ነው፤ ለሳሎን ግድግዳ ግን ያንሳል። ለግድግዳው የመረጥነውን ፋይል ከተማ ውስጥ ወዳለ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። መጀመሪያ የሰጡኝ ፎቶ ላይ እናቴ ሦስት ደረጃ ቀልታለች፣ ንቅሳቷ ጠፍቷል፣ ከኋላዋ ፏፏቴ ይወርዳል። ደንበኛ እንዲህ ስለሚወድ ነው፤ ክፋት አልነበረውም። «እንዳለች፣ ምንም ሳትነካ» ብዬ መለስኩለት፤ ባለሙያው በማግሥቱ ያወጣው 30 በ40 ፎቶ በጣም ጥሩ ነው፣ ፍሬሙንም አሳምሮ ሠራው። ፎቶ ቤት ስትሄዱ ይህችን ቃል አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ማሽኑ የሚበላው የራሱን ወረቀትና የራሱን ካርትሬጅ ብቻ ነው። ትልቁ ጥቅል 108 ወረቀትና ሦስት ካርትሬጅ ይዟል፤ አንዱ ካርትሬጅ ለ36 ፎቶ ነው፤ ወረቀቱና ቀለሙ እኩል ነው የሚያልቁት። እኔ ማሽኑን በ140 ዶላር ገደማ፣ ጥቅሉን ከ40 ዶላር በታች ገዛሁት፤ ስለዚህ አንድ ፎቶ ከግማሽ ዶላር በታች ይወድቃል። ደብረ ብርሃን ሱቅ ገብታችሁ የምታገኙት ዕቃ ስላልሆነ ይዛችሁ የሄዳችሁት ነው ያላችሁ። ወረቀቱ በሁለቱም ጫፍ የሚቀደድ ጠርዝ አለው፤ አጥፋችሁ ስትቀድዱት ቀጥ ብሎ ይወጣል። መሳቢያው የሚይዘው 18 ወረቀት ነው። ለጣት አሻራና ለአቧራ ተጠንቀቁ፤ በበጋ አቧራ ያለ ቤት ውስጥ መሳቢያውን ክፍት አትተዉት፣ ብናኝ ያረፈበት ቦታ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ወረቀቱ ሲመላለስ ወደ ኋላም ስለሚወጣ ከግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡት።

ኤሌክትሪኩ ችግር የለውም፤ አስማሚው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ያዙ። ለብቻው የሚሸጥ ባትሪ አለው፤ በፓወር ባንክ ግን አይሠራም። ፎቶው ግማሽ ላይ ሳለ መብራት ቢሄድ ያ ወረቀት ይባክናል፤ እኛ ቤት መብራት ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ወደ ማታ ስለሆነ በጠዋት ነበር የማትመው። ኢንተርኔትም አይፈልግም። ማሽኑ የራሱን ዋይፋይ ስለሚፈጥር ስልኩ በቀጥታ ከእሱ ጋር ይገናኛል፤ መተግበሪያውን ብቻ ከመሄዳችሁ በፊት ጫኑት።

አንድ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ያለቀው ሪባን ላይ ያተማችሁት ሰው ሁሉ ምስል ተገልብጦ ይቀራል፤ ለብርሃን ሲያዙት ማን እንደሆነ ይለያል። ጎረቤት የሰጣችሁን ፊት ቆሻሻ ላይ አትጣሉት። እኔ ሪባኑን እየሳብኩ በመቀስ ቆራርጬ ነው ያስወገድኩት።

ዕድሜውን በተመለከተ፣ አምራቹ አልበም ውስጥ በደንብ ከተቀመጠ እስከ 100 ዓመት ይቆያል ይላል። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ይህን ያህል እንደማይቆይ ግን ግልጽ ነው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥሩ ፎቶ ሁለት ሁለት አትሜ አንደኛውን ለአልበሙ ሰጥቻለሁ።

ወሬው ሠፈር ሲገባ ጎረቤቶች መጡ። አብዛኞቹ ከእናቴ የሚበልጡ ሴቶች ናቸው፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንዳንዶቹ የልጅ ልጅ እጅ ይዘው። አንዲት እናት ልጃቸው ቤይሩት ከሄደች ወዲህ ፎቶዋን ልካ እንደማታውቅ፣ እሳቸውም ልከውላት እንደማያውቁ ነግረውኝ ሁለት አሳተሙ፤ አንዱን «ለእሷ፣ ሰው ሲገኝ» ብለው በፕላስቲክ ጠቀለሉት። ያመጣሁት ወረቀት ያለቀው በእነሱ ነው፤ ለዚህ ከዋለ ደስ ብሎኛል።

ማሽኑን ይዤው አልተመለስኩም። ታናሽ እህቴ እዚያው ስለምትኖር እሷ ጋ ነው። እማዬ አሁን በበዓል በበዓል አንድ አንድ ፎቶ ታስነሳለች፤ ለፋሲካ የተነሳችውን እህቴ አትማ አልጋዋ አጠገብ ከመድኃኒቷ ጎን አስቀምጣላታለች፣ ፋይሉን ለእኔ ልካልኝ እዚህ ሌላ ማሽን ገዝቼ አትሜዋለሁ። የምትገዙ ከሆነ ከማሽኑ ጋር ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ትልቅ ጥቅል ግዙ፤ ወረቀቱና ካርትሬጁ አንድ ላይ ከሆኑ ቀላል ስለሆኑ መንገደኛም አይከብደውም። እኔ ለመስከረም የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፤ ሁለት ጥቅል አዝዣለሁ።